«ቻለው» ለምትሉኝ ሁሉ

ዘንድሮ ታላቁ ሩጫን አልሮጥም። ከፍያለሁ፣ ቲሸርቱን ወስጃለሁ፣ ክረምቱን ሙሉ የእንጦጦን ጭቃ ስረግጥ ከርሜያለሁ። ግን የቀኝ ቅልጥሜ ከውስጥ በኩል አንድ ቦታ ላይ በጣት ጫፍ ሲነካ እንኳ ያንገበግበኛል፤ በዚያ እግር ብቻዬን ቆሜ መዝለል አቅቶኛል። ሐኪሙ አጥንቱ መሰንጠቅ ሳይጀምር እንዳልቀረ ነግሮኝ እረፍ አለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ያላለቀው በእናንተ ምክንያት ነው።

«ቻለው!» አላችሁኝ። «አሥር ኪሎ ሜትር ምን አላት?» አላችሁኝ። አንዱ ዳይክሎፌናክ ተወግተህ ግባ አለኝ። ሌላው ሳይጠይቀኝ ወጌሻ ዘንድ ቀጠሮ ያዘልኝ። «የአበበ ቢቂላ አገር ሰው አይደለህ እንዴ?» ያለኝ ግን ብዕሬን አስነሳው።

እሺ፣ ስለ አበበ እናውራ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥራቸው)። በ1964 አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አንድ ወር ጥቂት ቢያልፈው ነው ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው። ይህን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በየመድረኩ ይተረካል። ከዚያ በ1968 ሜክሲኮ ላይ የሆነውን የሚተርክልኝ ግን አላገኘሁም። አበበ ያንን ውድድር የጀመረው በተጎዳ እግር ነበር፤ የእግሩ አጥንት ተሰንጥቋል። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። ሩጫውን ማሞ ወልዴ ቀጠለ፤ ወርቁም አገሩ ገባ። በተከታታይ ኦሊምፒኮች ሁለት ጊዜ ማራቶን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው፣ አጥንቱ እምቢ ሲለው ከመንገድ ወጥቷል። እና እኔ ማን ነኝ? የትርፍ አንጀት ቁስል ተሰፍቶ የዳነ ቁስል ነው፤ የተሰነጠቀ አጥንት በየእርምጃው እንደገና የሚመታ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ የምትሰብኩን ከአበበ ታሪክ ግማሹን ቆርጣችሁ ጥላችሁ ነው።

ወደ መርፌው ልመለስ። ማስታገሻ ሕመሙን እንጂ ስንጥቁን አይነካውም። የነዳጅ መብራቱ ሲበራበት በፕላስተር ሸፍኖ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሹፌር ብታዩ ከመኪናው ትወርዱ ነበር፤ ለእኔ እግር ሲሆን ግን ፕላስተሩን የምታቀብሉት እናንተው ናችሁ። ጉዳቱ ደግሞ በአጥንት አይቆምም። ሯጭ በላብ ውሃው ሲያልቅ ወደ ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። እነዳይክሎፌናክና እነአይቡፕሮፌን ኩላሊት ያንን ጉድለት የሚቋቋምበትን መንገድ ይዘጉበታል። ይህን መድኃኒት ቤት ቆሞ የሚሸጥልን ባለሙያ ያውቀዋል፤ ተምሮታል። ሆኖም «ለምን ፈለግኸው? ልትሮጥ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም። ፍሬውን ይቆጥራል፣ ብሩን ይቀበላል።

ወጌሻን አልንቅም። ለወለምታ ብዙ ሰው አቁመዋል። ነገር ግን ስንጥቅ ያለበትን አጥንት በቅቤ እያሹ መጫን ሕክምና አይደለም፤ ራጅ ሳይነሳም ተነስቶም መሆን የለበትም። ተነስቶም ያልኩት በምክንያት ነው፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ልምምድ የተመለሰው እግር በወሩ ዋጋውን ይከፍላል። የቅልጥም ስንጥቅ በጊዜ ካረፉበት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። ካላረፉበት ወራት ይበላል፣ ጨርሶም ሊሰበር ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ደግሞስ ምን ለማግኘት? ሩጫው አሥር ቀን ሲቀረው የሚጨመር ልምምድ ለዚያ ሩጫ ጉልበት አይሆንም፤ ሰውነት ልምምዱን ወደ አቅም የሚቀይረው ቆይቶ ነው።

የእኔስ ነገር ቀላል ነው። እኔ ብቀር የሚጎድለኝ ፎቶ ነው። ሱሉልታና ሰንዳፋ በየማለዳው አስፋልት ዳር የሚሮጡት ልጆች ግን እንጀራቸው ነው። አንድ ማራቶን የግማሽ ዓመት ተስፋ ነው፤ ሳይጀምሩ መነሻ ክፍያ የለም፤ ገጠር ያለ ቤተሰብ ይጠብቃል። ባቱ የያዘው ልጅ ለአሰልጣኙ ዝም፣ ለማናጀሩ ዝም። ከተናገረ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ፣ ስሙም «ጉዳተኛ» ተብሎ እንደሚቀር ያውቃል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያልን እንተርትበታለን፣ እንዲሸሽግ ያስገደድነው ግን እኛው ነን። አሟሟቁ ላይ ሲያነክስ አይቶ ፊቱን የሚያዞር አሰልጣኝ «አላወቅሁም» ሊለኝ አይችልም። አውቋል።

አሁን ደግሞ ፓሪስን አስታውሱ። ሲሳይ ለማ በሚያዝያ 2024 የቦስተን ማራቶንን አሸንፎ ለኦሊምፒክ ተመርጦ ነበር። ውድድሩ ሲቃረብ ተጎዳ፤ ቦታውንም ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ። ኦሊምፒክ ነው የተወው፤ ሯጭ በዕድሜው አንዴ ወይ ሁለቴ የሚያገኘውን። ታምራት በዚያ ዳገታም መንገድ 2:06:26 ገብቶ ከቤጂንግ 2008 ጀምሮ የቆየውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። በወንዶች ማራቶን ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል በኋላ ሃያ አራት ዓመት የጠበቅነው ወርቅ ነበር። ለታምራት አጨበጨብን፤ ተገቢ ነው። ለሲሳይ ያጨበጨበው ግን ስንቱ ነው? ያ ወርቅ «አልችልም» ያለ ሰው ወርቅም ነው። «ቻለው» የሚለውን ምክራችሁን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ታምራት ሩጫውን የሚያየው በቴሌቪዥን ነበር።

ስለዚህ ለእኔ የምትመክሩኝን ተዉትና ሥልጣኑ ያላችሁ ስሙኝ። ፋርማሲስት ከሆንክ ማስታገሻ ለሚጠይቅህ ሯጭ ሁለት ጥያቄ ጠይቅ። ማናጀር ከሆንክ ተጎድቶ የቀረውን ሯጭ ከስም ዝርዝርህ አትፋቀው። አሰልጣኝ ከሆንክ ደግሞ ነገ ጠዋት ልምምድ ሳይጀመር «ያመመው አለ?» በል፤ እጁን ላወጣው ልጅ የሚቀጥለውን ውድድር ቦታ በሁሉም ፊት ቃል ግባለት።