ጎመን በጤና አንበላቸው

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ወንበር ላይ ላሉት ልጆቻችን አይደለም፤ ለእናንተው ነው። የአካባቢያችን ልጅ በተሾመ ቁጥር ለምርቃት የምንፈለገው እኛ ነን። መርቀን ስናበቃ ጠጋ ብለን የምንነግረው ምክርም አንድ ነው፤ «ልጄ፣ ፊት ፊት አትበል። ከላይ ሲመጣ ፈጽም፣ ካልመጣ ተቀመጥ። ጎመን በጤና።» ይህ ምክራችን አገር እየጎዳ ነው።

ለምሳሌ እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ሐይቅ ላይ መግባቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በደምቢያ በኩል፣ መገጭ ወንዝ ከሐይቁ በሚቀላቀልበት ዳርቻ። በዚያ ሰሞን ለራሴ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ አዛውንት ገበሬ ገቡ። ከጋቢያቸው ሥር አረሙን ከነሥሩ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሐምራዊ አበባው ገና አልጠወለገም። የሚንጠባጠበው ጭቃ ወረቀቶቹን ሲያርስ ኃላፊው ደንግጦ ፋይሎቹን ሰበሰበ። «አባቴ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ይዘዋል?» አላቸው። አልያዙም። «እንግዲያው አጽፈው ይመለሱ።» አዛውንቱ አረማቸውን አንስተው ወጡ። ኃላፊው ትሑት፣ እጁ ንጹሕ ሰው ነበር። እኔም ጉዳዬ እንዳይሰናከል ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የሚያፋፋው ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከጎንደር ከተማ በወንዞቹ የሚወርደው ቆሻሻ ነውና «የደምቢያ ጣጣ ነው» ማለት ለከተማ ሰው አያምርበትም። በወንዙ አፍ ላይ ሳለ በደቦ ይነቀል ነበር ብዬ አምናለሁ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ ግን አረሙ ከ4 ሺህ ሄክታር በላይ ይዞ ነበር። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከረመ። ከዚያ በፊትም ዘመቻ ነበር፤ አልክድም። ሁሉም የመጣው ግን አረሙ ከተስፋፋ በኋላ ነው።

በደጋውም ያው ነው። መጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጓሳውና አስታው ሲነድ፣ ነዋሪው ገደል ለገደል እየወጣ በቅጠልና በአፈር ታገለ። ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያ ከእስራኤል እስኪደርስ ተራራው ሲጤስ ሰነበተ። ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከወጣ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ያሳደጉን አባቶች ልጆች፣ ቅጠሉን የያዝነው ከተቃጠለ በኋላ ሆነ።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ሳይታዘዝ የሠራ «በምን ሥልጣንህ?» ይባላል፤ ኦዲት ይመጣበታል፤ ዘመኑም ክፉ ነው። የተቀመጠውን «ለምን ተቀመጥህ?» የሚለው የለም፤ እንዲያውም ሲሸኝ «ጨዋ ሹም ነው፣ ማንንም አልነካም» ብለን ካባ የምናለብሰው እኛ ነን። ነቅቶ ቦይ አስቆፍሮ፣ ሰው አስተባብሮ በኋላ የተከሰሰ ልጅ ሽማግሌ ሲፈልግ ደግሞ ቤታችን አንገኝም። ልጆቹ ይህን ያያሉ። ከምርቃታችን ይልቅ ከዚህ ነው የሚማሩት። በእኛ ዕድሜ የሚቀማን ሹመት የለም፤ የሚቆረጥብን እድገት የለም። እኛ ከፈራን ማን ሊደፍር ነው?

አዲስ የተሾመ ልጅ ለምርቃት መምጣቱ አይቀርም። እንመርቀው። ቡናው ሳይነሳ ግን እንጠይቀው፤ «በወረዳህ የትኛው ወንዝ ዳር ምን በቅሏል? መቼ ወርደህ አየኸው?»