መጠጥን ቀምሶ ስለ መስጠት

በቀድሞው ዘመን በታላላቆች ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም ነበር። ይህም መጠጡ ከክፉ ነገር የጸዳ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ዛሬ ግን በአብነትም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሠፈር ልጆቻችን አምሽተው ሲጫወቱ የሚቀምስላቸው የለም። ከሚያደነዝዘውም መድኃኒት ጣዕምና ሽታ የሌለው አለ፤ ብዙ ጊዜም አልኮሉ ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ ሲቀዳ ያላዩትን፥ ትተውት የተነሡትንም መጠጥ እንዳይጠጡ እንምከራቸው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የጨመረው ነው እንጂ የጠጣችው አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ሴትን ራሷን አስቶ ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ያዛል።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፥ ይህ የደረሰባት ልጅ ብትኖር ገላዋን ሳትታጠብ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሷት። አንዳንዱ መድኃኒት ከ12 ሰዓት በኋላ በሽንት አይገኝም፤ የኤች አይ ቪ መከላከያውም ከ72 ሰዓት በፊት ካልተጀመረ አይጠቅምም። በከተማችንም በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናና የሕግ ርዳታ በአንድነት የሚሰጥበት ክፍል ተቋቁሟል።

ልጅቱ ቁጣችንን ፈርታ ዝም ያለች እንደ ሆነ፥ ለበዳይዋ ረዳት የሆንነው እኛ ነን።