ስለ ፕሮግራሞች ማሻሻያና ስለሚመጣበት መንገድ

በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ኹሉ፥ ፕሮግራሙ «አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፤ ይጫን?» ብሎ ሲጠይቀው፥ ሳያነብ «እሺ» ማለት ልማድ ኾኖበታል። ልማዱ ከመልካም አሳብ የተነሣ ነው፤ በተለምዶ አፕዴት የሚባለው ማሻሻያ በፕሮግራሙ የተገኘውን ጕድለት የሚደፍን ነውና። ነገር ግን ማሻሻያውን የሚያመጣው መልእክተኛ በምን መንገድ እንደ መጣና የማንን ማኅተም እንደ ያዘ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ነገር ጠንቅ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በማክ ኮምፒዩተሮች ላይ ተገልጦ ታይቷል። ብዙ የማክ ፕሮግራሞች ማሻሻያቸውን የሚያስመጡት፥ ስፓርክል በሚባል በውስጣቸው በተሰካ የጋራ ክፍል ነው። ይህ ክፍል አዲስ ነገር መኖሩን የሚያውቀው ከሠሪው ዘንድ ዝርዝር በመቀበል ሲኾን፥ አያሌዎቹ ፕሮግራሞች ዝርዝሩን ይቀበሉ የነበረው ኤችቲቲፒ በሚባለው ጥበቃ በሌለው መንገድ ነበር። የታወቀው የቪዲዮ ማጫወቻ ቪኤልሲ እንኳ ከእነዚሁ አንዱ ነበረ።

እጅግ የሚያስገርመው ማሻሻያው ራሱ የሠሪው ማኅተም ቢኖረው እንኳ፥ ከርሱ ጋራ የሚመጣው «ይህን ይህን አድሰናል» የሚለው መግለጫ ማኅተም ያልነበረው መኾኑ ነው። ስለዚህ በሆቴል ወይም በቡና ቤት ዋይፋይ መካከል የገባ ክፉ ሰው መግለጫውን ለውጦ፥ የራሱን ትእዛዝ በባለቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሊያስፈጽም ይችል ነበር። በር ጠባቂው ሣጥኑን ሲመረምር ጠላት በደብዳቤው ገባ ማለት ነው።

የስፓርክል ሠሪዎች ጕድለቱን ፈጥነው አርመዋል። ይኹን እንጂ ክፍሉ በየፕሮግራሙ ሆድ የተቀበረ ስለ ኾነ፥ እያንዳንዱ የፕሮግራም ሠሪ የታረመውን አስገብቶ እንደ ገና ካላወጣ በቀር እርማቱ ለተጠቃሚው አይደርስም። ያልታደሰ አሮጌ ፕሮግራም ዛሬም ከአሮጌው መልእክተኛው ጋራ ይኖራል።

«እንግዲያስ ማሻሻያ ይቅር» የሚል ቢኖር ምክሩ ከበሽታው የከፋ ነው። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኰል የእንግሊዝን ሐኪም ቤቶች ሥራ ያስፈታው፥ ማይክሮሶፍት ከኹለት ወር በፊት ያወጣውን ማሻሻያ ባልጫኑ ኮምፒዩተሮች ገብቶ ነው። በተከታዩ ወር፥ በጁን 27 ቀን፥ ኖትፔትያ የተባለው ደግሞ በዩክሬን ኤም ኢ ዶክ በሚባል የግብር ሒሳብ ፕሮግራም ማሻሻያ ተሸሽጎ ገባ። በዚህኛው የተደፈረው መንገዱ ሳይኾን የሠሪው ቤት ነበር። ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ብቻውን ጕዳቱን ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ስለዚህ የመንግሥትን መዝገብ፥ የባንክን ሒሳብና የበሽተኞችን ፋይል የሚጠብቁ ባለሙያዎች፥ በየኮምፒዩተሩ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ቈጥረው እያንዳንዱ ማሻሻያውን ከየት እንደሚያመጣ ሊመረምሩ ይገባቸዋል። በማክ ላይ ሥራው ከባድ አይደለም፤ የፕሮግራሙን ጥቅል ከፍቶ ስፓርክል መኖሩን ማየት፥ ቀጥሎም ኢንፎ ፒሊስት በሚባለው ፋይል የማሻሻያው አድራሻ በኤችቲቲፒ ወይስ ጥበቃ ባለው በኤችቲቲፒኤስ እንደሚጀምር መመልከት ነው። አድራሻው በዚያ ካልተገኘ ሠሪውን መጠየቅ ያሻል። በኤችቲቲፒ የሚጀምር ቢገኝ ግን አዲሱን በዚያው በተጠረጠረው መልእክተኛ ማስመጣት አይገባም፤ ከሠሪው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ በእጅ አውርዶ መተካት ነው። ሠሪው ትቶት የቀረ ፕሮግራም ከኾነም ከኮምፒዩተሩ ይወገድ።