በበዛብህ የሚናደዱ አንባቢዎች አልተሳሳቱም

የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ አንባቢ ተስማምቶበት አያውቅም። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እያሰበ የሚያለቅስ አለ፤ «ይህ ሰው ምን ዓይነት ፈሪ ነው? እሷስ ያን ያህል ዘመን ምን ትጠብቃለች?» እያለ የሚበግንም አለ። ንዴቱ ይበልጥ የሚሰማው ከወጣቶች ነው። ታላላቆቻቸው ደግሞ «ድሮ ፍቅር ነበረ፤ የዘንድሮ ልጅ ምኑን ያውቀዋል?» ብለው ይገሥጿቸዋል። እኔ ከወጣቶቹ ጋር ነኝ። ደራሲው እንድናለቅስ ብቻ ሳይሆን እንድንቆጣም አስቦ ጽፎታል ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃውም ብዙ ሰው «ይህ ክፍል ረዘመ» እያለ በችኮላ በሚያልፈው በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ይገኛል።

ልብ ወለዱ በሁለቱ ፍቅረኞች አይጀምርም። የሚጀምረው ማንኩሳ ላይ፣ በበዛብህ ወላጆች በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ነው። እሱ ሀብትም ወገንም የሌለው ሠርቶ አደር ነው፤ እሷ ያገቧት ወንዶች እየሞቱባት ሰው የሸሻት ሴት ናት። ዘር የሚቆጥርላቸው፣ «ይህ አይመጥንሽም» የሚላቸው ስለሌለ ተፈቃቅደው ይጋባሉ፤ ትዳራቸውም ይጸናል። ከዚያ ወደ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ስንገባ ነገሩ ይገለበጣል። የጌታው ልጅ ሰብለ ለዘሯ የሚመጥን ባል እየታጣ ዕድሜዋ ይገፋል። ሐዲስ እነዚህን ሁለት ቤቶች ያነጻጸራቸው በከንቱ አይመስለኝም። እኛ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ፍቅር እያልን የምናወድሰውን፣ ማለትም አብሮ ማረስን፣ አብሮ መብላትን፣ አብሮ ልጅ ማሳደግን ያገኙት ቦጋለና ውድነሽ ናቸው። ለበዛብህና ለሰብለ የደረሳቸው መቃብሩ ነው። ይህን ያስተዋለ አንባቢ በርዕሱ ውስጥ ከውዳሴው ይልቅ ክሱን ቢሰማ አልፈርድበትም።

ደራሲው ድኾቹንም ቢሆን ከተጠያቂነት አላወጣቸውም። አንድ ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ሰግተው ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት፣ ሳያገባ እንዲኖር የፈረዱበት እነሱው ናቸው። በዛብህ ዲማ ጊዮርጊስ ተምሮ፣ በዕውቀቱ ተከብሮ ፊታውራሪ ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲገባ አስቀድሞ የታሰረ ሰው ነው። ስለዚህ «ፈሪ ነው» የሚለው ፍርድ ግማሽ እውነት አለው። ፍርሃቱ ግን ከጌታው ጅራፍ ብቻ የመጣ አይደለም፤ እናትና አባቱ ከፍቅር ብዛት በገቡት ቃል አብሮት ያደገ ነው። ክፋትን ብቻ ከሚከስ መጽሐፍ ይልቅ ደግነትንም የሚጠይቅ መጽሐፍ ይከብዳል፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ም ትልቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ የዛሬን ድፍረት በዚያ ዘመን ሰው ላይ መጫን አግባብ አይደለም የሚል። ይህን ተቃውሞ መጽሐፉ ራሱ ይመልሰዋል። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ በአበጀ በለው የተመራው ባላገር የፊታውራሪ መሸሻን ጫና አልሸከምም ብሎ ተነሥቶ ፊታውራሪውን እስከ መማረክ ደርሷል። ሰብለም ብትሆን ዘግይታ ይሁን እንጂ የአባቷን ቤት ጥላ በዛብህን ፍለጋ ወጥታለች፤ ስታገኘው ሞት አፋፍ ላይ ነበር። እምቢታ በዘመኑ የማይታሰብ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ተባብሮ የተነሣው ባላገር ጌታውን ሲያሸንፍ፣ ለየብቻቸው ያመለጡት ሁለቱ ግን መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሐዲስ ይህን ልዩነት ያለ ዓላማ አላስቀመጠውም።

ታዲያ ልቅሶው ለምን ጎልቶ ቀረ? አንዱ ምክንያት ብዙዎቻችን መጽሐፉን በዓይን ሳይሆን በጆሮ መተዋወቃችን ይመስለኛል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያ ድምፅ የሰብለን ሐዘን የአገር ሐዘን አደረገው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቴዲ አፍሮ «ማር እስከ ጧፍ» ዘፈንም ያንኑ የፍቅር ገጽታ አጎላው። መጀመሪያ ያነበቡት ግን ሌላ አየር የሚተነፍሱ ሰዎች ነበሩ። ከመታተሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጥተዋል፤ የባላባቱን ሥርዓት ያፈረሰው የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል መጽሐፉን የገለጠ አንባቢ የአበጀ በለውን ታሪክ እንደ ተረት ሊያልፈው አይችልም ነበር።

«እንግዲያው ባላባቱ ከሄደ ክርክሩም አብሮ አልፏል» የሚሉ ሰዎች አዲስ አበባ ዳር ያለውን ኮዬ ፈጬን ይመልከቱ። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ወጥቶባቸው አገር ያነጋገሩት እነዚያ ኮንዶሚኒየሞች ዛሬ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በአንድ ደረጃ የሚወጣባቸው፣ በአንድ በር የሚገባባቸው ሆነዋል። ዕጣ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ከሁለት ፎቅ የመጡ ሁለት ወጣቶች እንጋባ ቢሉ ግን የሚጠየቁት ብዙ ነው፤ ብሔሩ ምንድን ነው፣ ሃይማኖቷስ፣ ቤቱ የራሱ ነው ወይስ ኪራይ? የፊታውራሪ መሸሻ ጥያቄ ቃሉን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ይህን በየቤቱ የሚሰማ ወጣት በበዛብህ ቢናደድ ልቡ ስለደነደነ አይደለም፤ የገዛ ነገሩን አይቶበት ነው።

«ንዴት ፍቅሩን ያቃልላል» ለሚሉም መልሱ የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ካሣ ዳምጤ ነው። በወገኖቹ ልማድ በመቆጣቱ አገሬው «ጉዱ ካሣ» ብሎ ስም ያወጣለት፣ እንደ እብድ የቆጠረው ሰው ነው። ሆኖም ያን ፍቅር ከሁሉ አብልጦ የተረዳው እሱ ነበር፤ ሐዲስም በመጨረሻ ከሁለቱ ፍቅረኞች ጋር በአንድ መቃብር ያሳረፈው ይህን ተቆጪ ነው።