አምፖሉን ተዉት፣ ሽቦውን እዩት

ሰሞኑን ስለ መኪና ከተወራ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ቻርጅ ማድረጊያው የት አለ? ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? ዋጋው የት ደረሰ? ጥሩ ወሬ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ደጀን የሚነዱት መኪኖች ግን በአብዛኛው እነዚያ አይደሉም። የሃያና የሠላሳ ዓመት ኮሮላ ነው፣ ሚኒባስ ነው፣ አይሱዙ ነው። ግማሾቹ በደከመ መብራት ይንፏቀቃሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ የፊት ለፊቱን ሰው ዓይን በሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይመጣሉ። ይህ የማንም አጀንዳ አይደለም። መሆን ስላለበት ነው የምጽፈው።

ነገሬ አጭር ነው። የመኪኖቻችን መብራት የደከመው መኪኖቹ ስላረጁ ብቻ አይደለም። ብልሽትን መርምሮ ማግኘት ትተን ዕቃ መቀየር ስለለመድን ነው። የዚህን ልማድ ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ በአስፋልቱ ጠርዝ ከገበያ ወደ ቤቱ የሚሄደው እግረኛም ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። አሮጌ መኪና ይዘን የምንቆየው ወደን ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በውሳኔዎቹ ዓላማ መስማማትም መከራከርም ይቻላል። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፦ አዲስ መግዛት የማይችል ሰው ያለውን መኪና እየጠገነ ይነዳል። እንግዲያው ጥገናው የአገር ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። መብራት ሲደክም በየጋራዡ የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «አምፖሉ ደክሟል፣ ቀይረው።» ይቀየራል። ትንሽ የተሻለ ይመስላል፤ ከወር በኋላ እዚያው ነው። ቀጥሎ «ባለ መቶ ዋት አስገባ» ይባላል። ቀጥሎ «ኤልኢዲ ግጠምበት»። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይህን። ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ አምፖሉ ዘንድ አልዋለም፤ ወደ አምፖሉ በሚወስደውና ከአምፖሉ በሚመልሰው መንገድ ላይ ነው።

መብራት ውሃ እንደሚያደርስ ቧንቧ ነው። ምንጩ ባትሪውና ዲናሞው ነው። መሀል ላይ ፊውዝ አለ፣ ማብሪያ አለ፣ ሪሌ አለ፣ ሶኬት አለ። መመለሻው ደግሞ ከመኪናው ቦዲ ጋር በቡሎን የሚታሰረው ሽቦ ነው፤ ባለሙያዎቻችን ማሳ የሚሉት። በሃያ ዓመት ውስጥ ያ ቡሎን ይዝጋል፣ ሶኬቱ በሙቀት ይጠቁራል፣ የማብሪያው ውስጥ ይቃጠላል። በእያንዳንዱ ቦታ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይጠፋል። የጠፋው ቮልት ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ መንገዱ ላይ አይደርስም።

«ትንሽ ቮልት ቢጎድል ምን አለበት?» የሚል ካለ ቁጥሩን ይስማ። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ እጅግ ፈጥኖ ይወድቃል። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 11.7 ከሆነ የጎደለው 15 በመቶ ያህል ነው። ብርሃኑ ግን ወደ 57 በመቶ ይወርዳል። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው! አዲስ አምፖል ብትገዙም የምታበሩት ግማሽ አምፖል ነው።

ይህ በመንገድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሽከርካሪው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር ሄዷል። ፍሬኑ ደህና፣ አስፋልቱ ደረቅ ቢሆን እንኳ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ይፈልጋል። በድምሩ 45 ሜትር። መብራታችሁ ጥቁር ነጠላ የለበሰችን እናት የሚያሳያችሁ በ30 ሜትር ከሆነ ቀሪውን 15 ሜትር የምትሄዱት በእሷ ላይ ነው። በሰማንያ ከነዳችሁ ደግሞ ለመቆም 70 ሜትር ገደማ ያስፈልጋችኋል።

ታዲያ ብልሽቱ እንዴት ይገኛል? በምትሃት አይደለም። ቴስተር በሚባለው በእጅ በሚያዝ መለኪያና በአሥር ደቂቃ ትዕግሥት ነው። ሞተሩ ይነሳ፣ መብራቱ ይብራ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ ይለካ፤ ወደ 14 ቮልት ካልተጠጋ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የቀበቶው ነው፣ መብራቱን አትነካኩት። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ አምፖል በየወሩ የሚያቃጥለው ይህ ነው። ባትሪው ደህና ከሆነ የቴስተሩ አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው አምፖሉ ፖዘቲቭ ላይ ይደረግ። የሚታየው ቁጥር በመንገድ የጠፋው ቮልት ነው። ከዚያ በኔጋቲቩ በኩል እንዲሁ፤ እዚህ ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ታሟል። በሁለቱም በኩል የጠፋው ተደምሮ ከግማሽ ቮልት ብዙ ካለፈ ምክንያቱ ይፈለግ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አምፖሉን ነቅሎ ባዶ ሶኬት ላይ ቴስተር መሰካት ራስን ማታለል ነው። ጭነት ሳይኖር በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ሽቦም 12 ቮልት ያሳያል። «ኃይሉማ ይደርሳል፣ አምፖሉ ነው» የሚለው የተለመደ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ስህተት ነው። የሚለካው አምፖሉ በሶኬቱ ላይ ሆኖ፣ እየበራ ነው።

መኪናው ራሱም ይናገራል፤ የሚሰማው ካጣ ነው እንጂ። አንዱ መብራት ብቻ ከደከመ የዚያ ወገን ማሳ ወይም ሶኬት ይታይ። ሁለቱም ከደከሙ የጋራ መንገዳቸው ይታይ። ረጅሙ እየሠራ አጭሩ በሁለቱም በኩል ከጠፋ መሪው ላይ ያለው ማብሪያ ይጠርጠር። ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ ማሳው ተፈትቷል። ደግሞ ሁሉም መኪና አንድ አይደለም። እንደ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ባሉ አንዳንድ አሮጌ ቶዮታዎች ማብሪያው የሚቆጣጠረው የመመለሻውን መስመር ነው፤ ንድፉን ያላየ ባለሙያ ደህናውን ሽቦ ቆርጦ ይጥላል።

መድኃኒቱስ? አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ አዲስ ቡሎን፣ አንድ ሶኬት ነው። ማብሪያው የተቃጠለ ከሆነ ሁለት ሪሌና ወፈር ያለ ሽቦ ከነፊውዙ ከባትሪው ቀጥታ መሳብ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ የማይገኝ ነገር የለበትም።

በምትኩ የምናደርገውን እዩ። ፊውዝ ሲቃጠል «ለምን ተቃጠለ?» ሳንል ትልቅ ፊውዝ እንሰካለን፤ ሲብስ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት እንጠቀልልበታለን። ፊውዝ ዘበኛ ነው፤ ጮኸ ብሎ ዘበኛን ማነቅ ሌባውን አያስወጣም። ባለ 55 ዋት ሁለት አምፖሎች 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ባለ መቶ ዋቶቹ 17 ገደማ። ያው አሮጌ ሽቦ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሞቃል። እሳት የሚነሳው ከዚህ ነው። ከዚያ «መኪናው በራሱ ተቃጠለ» እንላለን።

ኤልኢዲውስ? ከፋብሪካው ለኤልኢዲ በተሠራ መብራት ላይ ጥሩ ነገር ነው። ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ሲሰካ ግን ሌላ ነው። የመብራቱ አንፀባራቂ ሳህን የተቀረጸው የሃሎጅኗ ክር በምትቀመጥበት ቦታ ልክ ነው። ብርሃኑ ከሌላ ቦታና በሌላ ቅርጽ ሲነሳ ወደ ታች መሄድ ያለበት ወደ ላይ ይረጫል፤ በቀጥታ ወደ ሚመጣው ሹፌር ዓይን። አማርኛችን ይህን አስቀድሞ አውቆታል፦ ዓይን ያጭበረብራል እንላለን። ማጭበርበር ነው! ባለቤቱ መከለያው ፊት ለፊት ነጭ ስላየ አየሁ ይላል፤ ሩቁን ግን አያይም፣ ሌላውንም ያሳውራል። በአባይ በረሃ ጥምዝ ላይ ለሁለት ሰከንድ የታወረ የጭነት መኪና ሹፌር የት እንደሚደርስ አስቡት። ይህ ብቻ አይደለም። ኤልኢዲው የሚስበው ትንሽ ስለሆነ የታመመው ሽቦ የዳነ ይመስላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

የሚቀርብልኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ድሃ ነን፣ ርካሹን ነው የምንገዛው» ይባላል። በየስድስት ወሩ አምፖል፣ ቀጥሎ ኤልኢዲ፣ ቀጥሎ የቀለጠ ሶኬት መግዛት ነው ርካሹ? ዝገት መፋቅ ከሁሉም ይረክሳል። «በቅርቡ ሁሉም ኤሌክትሪክ ይሆናል» የሚሉም አሉ። እስከዚያ ብዙ ሌሊት አለ። ደግሞም የኤሌክትሪክ መኪና መብራት የሚበራው በተለየ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ እሱም ማሳ አለው፣ እሱም ይዝጋል። መለካት የማያውቅ ጋራዥ ነገ እዚያም ዕቃ ሲቀይር ይኖራል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ መብራት መብራቱን ሳይሆን ጥንካሬውንና አቅጣጫውን በመሣሪያ ይለካ። የዘንድሮ ቦሎ ለጥፎ በአንድ ዓይን የሚሄድ መኪና በየምሽቱ እናያለን፤ ከሩቅ ሞተር ሳይክል መስሎ ይመጣና መንገዱን ሙሉ ይይዛል። ትራፊክ ፖሊስ በቀን መንጃ ፈቃድ የሚጠይቀውን ያህል በማታ መብራት ይጠይቅ። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጭነት ላይ ቮልት መለካት የማይችል ተማሪን በአውቶ ኤሌክትሪሽያንነት አያስመርቁ። ጋራዦች ለምርመራ ዋጋ ይጠይቁ፤ እኛም ሳናጉረመርም እንክፈል። ዛሬ ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለማሰብ ግን አንከፍልም። ባለሙያው ዕቃ መቀየርን የመረጠው እኛ ስላስተማርነው ነው።

እናንተም የዚህ ቻናል አንባቢዎች ለዛሬ ማታ ሥራ አላችሁ። መኪናችሁን ከግድግዳ ፊት አቁሙና አጭሩን አብሩ። ሁለቱ ብርሃኖች እኩል ናቸው? ወደ ታች ነው የሚመቱት ወይስ ወደ ላይ? አንዱ ቢጫ ሆኖ ከቀላ ነገ ጠዋት ጋራዥ ሂዱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ቴስተር አለህ?» ከሌለው ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።