ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፤ የስንዴ ዋግና አዲሶቹ የምርምር ግኝቶች

እንደሚታወቀው ሁሉ በስንዴ አብቃይ አካባቢዎቻችን ገበሬውን አብዝተው ከሚጎዱት የሰብል በሽታዎች ዋነኛው ዋግ ነው። በአገራችን ሦስት ዓይነት ዋግ ይታወቃል፤ እነርሱም የግንድ ዋግ፣ ቢጫ ዋግና የቅጠል ዋግ ናቸው። ሦስቱም በፈንገስ የሚመጡ ሲሆኑ፣ የፈንገሱ ብናኝ በነፋስ እየተወሰደ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን በሽታ በሚመለከት በዘረ መል ሳይንስ፣ ከሰው ሕክምና በተገኙ መሣሪያዎችና በአየር ጠባይ ትንበያ ረገድ ትላልቅ ግኝቶች ተገኝተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ግኝቶቹን ማድነቅ አይደለም። ግኝቶቹ ለኤክስቴንሽን ሠራተኛውና ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ምን ሥራ ይዘው እንደመጡ ማስረዳትና አንድ የቆየ ልማዳችን መታረም እንዳለበት አስተያየት ማቅረብ ነው። ልማዱም አንድ ዝርያ በወደድን ቁጥር አገሩን ሁሉ በእርሱ መሸፈን ነው።

ያለፈው ምን ያስተምረናል?

የስንዴ ዝርያዎቻችን ታሪክ ከዋግ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ዳሸን የተባለው ዝርያ በምርታማነቱ ተወድዶ ከተስፋፋ በኋላ በ1988 እ.ኤ.አ. በቢጫ ዋግ ተመታ። እንኮይ ብዙ ዓመት ካገለገለ በኋላ በ1993 እና 1994 እ.ኤ.አ. በግንድ ዋግ ወደቀ። ኩብሳም በተራው በ2010 እ.ኤ.አ. በተነሣው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ተጎዳ፤ በዚያ ዓመት በበሽታው የተነካው መሬት በመቶ ሺህ በሚቆጠር ሄክታር የሚገመት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሁሉም ዐይን በዲገሉ ላይ ዐረፈ። ዲገሉ በ2005 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ ሲሆን፣ ቢጫ ዋግን የሚቋቋም፣ በዚያን ጊዜ ዓለምን ያስጨነቀውን ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግ ጎሣም የሚችል ዝርያ ነበር። ዩጂ 99 በ1998 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ታይቶ፣ በ2001 ኬንያ፣ በ2003 ደግሞ ኢትዮጵያ የደረሰ ጎሣ ነው። ስለዚህ ገበሬው ከኩብሳ ወደ ዲገሉ ፊቱን ማዞሩ ትክክል ነበር። ስሕተቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ዝርያ መሄዱ ነው።

በ2013 እ.ኤ.አ. ኅዳር ገደማ በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ በዲገሉ ላይ ተነሣ። ክፉኛ በተጠቁ ማሳዎች የደረሰው ጉዳት ወደ መቶ በመቶ የተጠጋ ነበር። ምርመራ ሲደረግ ጥፋቱን ያደረሰው ዩጂ 99 ሳይሆን ተመራማሪዎች ቲ.ኬ.ቲ.ቲ.ኤፍ. ብለው የሚጠሩት ሌላ ጎሣ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም በአንዱ በር ሲጠብቅ ጠላት በሌላው ገባ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ ጎሣ በአገራችን መኖሩ የታወቀው ከወረርሽኙ አንድ ዓመት በፊት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ነበር። አንድ ዓመት ለዋግ ብዙ ነው፤ አገሩን በአንድ ዝርያ ለሸፈነ ሰው ግን አንድ ዓመት አይበቃም፤ ሌላ ዘር አባዝቶ ለማከፋፈል ጊዜ አያገኝምና።

ዝርያ ለምን ይወድቃል?

ገበሬው ብዙ ጊዜ «ዘሩ አረጀ» ይላል። አነጋገሩ ትክክል ቢመስልም የሆነው ነገር ሌላ ነው። የሚለወጠው ዘሩ ሳይሆን ዋጉ ነው። ይህን በግልጽ ያሳዩት የቅርብ ጊዜ ግኝቶች ናቸው።

በ2013 እ.ኤ.አ. የግንድ ዋግን የሚከላከሉ ሁለት ጂኖች፣ ማለትም ኤስአር 33 እና ኤስአር 35 የተባሉት፣ ተለይተው ታወቁ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንዲህ ያሉ ጂኖች በፈንገሱ ውስጥ የሚለዩት ፕሮቲን ምን እንደሆነ ተደረሰበት። በ2018 እ.ኤ.አ. ከ20 አገሮች የተውጣጡ ከ200 በላይ ሳይንቲስቶች የዳቦ ስንዴን ሙሉ የዘረ መል ካርታ ይፋ አደረጉ። የስንዴ ዘረ መል ከሰው ዘረ መል አምስት እጥፍ ያህል የሚሰፋ ሲሆን፣ በካርታው ላይ 107,891 ጂኖች ተመዝግበዋል።

የእነዚህ ግኝቶች ፍሬ ነገር በቀላል ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። የመከላከያ ጂን እንደ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሌባውን የሚያውቀው በአንድ ምልክት ብቻ ነው እንበል፤ ለምሳሌ በቀይ ኮፍያው። ሌባው ኮፍያውን አውልቆ የመጣ ቀን ዘበኛው አያውቀውም፤ በሩን ክፍት ያገኘዋል። ፈንገሱም እንዲሁ ነው። በቢሊዮን ከሚቆጠረው ብናኝ መካከል ያንን ፕሮቲን የለወጠ ወይም የጣለ አንድ ሲገኝ፣ ያ አንዱ በዝርያው ላይ ያለ ተቀናቃኝ ይባዛል። ዝርያው የሸፈነው መሬት በሰፋ መጠን እንዲህ ያለው አንድ ብናኝ የሚያገኘው ሲሳይ ይበዛል።

ከዚህ ሌላ፣ ዋግን ፈጽሞ የማይከለክሉ፣ ነገር ግን እድገቱን የሚያዘገዩ ጂኖች አሉ። ከእነርሱም ኤልአር 34 የተባለው በ2009 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በላይ ሳይሸነፍ የቆየ ነው። ይህ ለኤክስቴንሽን ሠራተኛው ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ጥቂት ዋግ የታየበት ዝርያ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ምንም ዋግ የማይታይበት ዝርያ ሁሉም አስተማማኝ አይደለም። ጥቂት ነጠብጣብ እያሳየ ለብዙ ዓመት ምርቱን የሚሰጥ ዝርያ፣ ለሦስት ዓመት ንጹሕ ሆኖ በአራተኛው ዓመት ባንድ ጊዜ ከሚወድቀው ይሻላል።

ከሰው ሕክምና የተገኘ መሣሪያ

የዋግን ጎሣ ለመለየት የተለመደው መንገድ ናሙናውን በ20 መለያ የስንዴ ዓይነቶች ቡቃያ ላይ አዳቅሎ ውጤቱን መጠበቅ ነው። የአምቦው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ይህ ዘዴ ዛሬም አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ ናሙናውን ማባዛት፣ ማዳቀልና ማንበብ ሳምንታትን የሚጠይቅ ነው። ውጤቱ ሲደርስ አንዳንድ ጊዜ ስንዴው ታጭዷል።

በ2015 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አፍሪካ በምትገኘው ጊኒ የኢቦላ በሽታ በነበረበት ጊዜ በእጅ የሚያዝ፣ ዘረ መልን የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ናሙናው በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ውጤቱን ማወቅ ተቻለ። ይኸው መሣሪያ ወደ ስንዴ ተዛወረ። የእንግሊዙ ጆን ኢንስ ማዕከል፣ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል በአንድነት ማርፕል የተባለውን ዘዴ አዘጋጅተው በ2018 እ.ኤ.አ. በአገራችን ሞከሩት። መሣሪያው በሻንጣ የሚያዝ ሲሆን፣ መጀመሪያ ለቢጫ ዋግ የተዘጋጀ ነው፤ የዋጉን ማንነትም በሁለት ቀን ውስጥ ይናገራል።

ነፋሱን መከተል

በ1986 እ.ኤ.አ. በቸርኖቢል የኑክሊየር ጣቢያ አደጋ በደረሰ ጊዜ መርዛማው ብናኝ ወዴት እንደሚነፍስ ማወቅ አስፈልጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የአየር ብናኝን ጉዞ የሚያሰላ የኮምፒዩተር ዘዴ አዘጋጀ። ዛሬ ያ ዘዴ የዋግን ብናኝ ጉዞ ይተነብያል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የአገራችን የምርምር ኢንስቲትዩትና ያኔ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው ድርጅት የተሳተፉበት የስንዴ ዋግ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ ብናኙ ወዴት እንደሚሄድና በየትኛው አካባቢ የአየሩ ሁኔታ እንደሚመቸው እስከ ሰባት ቀን አስቀድሞ ለመናገር ችሏል።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ ማስላት የሚችለው ከየት እንደተነሣ ሲነገረው ነው። ከየት እንደተነሣ የሚናገረው ደግሞ ማሳ ለማሳ የሚዞር ሰው ነው። ያ ሰው ካልዞረ፣ ወይም ዞሮ ያየውን በዚያው ሳምንት ካልተናገረ፣ ይህ ሁሉ መሣሪያ ዕውር ነው።

ምን ይደረግ?

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ከላይ ከተገለጹት ግኝቶች የሚከተሉት አራት ተግባሮች ይመነጫሉ።

1ኛ. ማንኛውም የኅብረት ሥራ ማኅበር የስንዴ መሬቱን በሙሉ በአንድ ዝርያ መሸፈን የለበትም። ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ዝርያዎችን ይያዝ። የስም መለያየት ብቻ ግን አይበቃም፤ ስማቸው የተለያየ ሁለት ዝርያዎች አንድ ዓይነት የመከላከያ ጂን ሊኖራቸው ይችላልና። በመሆኑም ዩኒየኖችና የዘር ድርጅቶች ዘር ሲያዙ የምርምር ማዕከላትን «ይህ ዝርያ ከዚያኛው በመከላከያው ይለያል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የምርምር ማዕከላትም ይህን ገበሬው በሚገባው ቋንቋ የመመለስ ግዴታ አለባቸው።

2ኛ. ስንዴ ከአረም ጊዜ ጀምሮ እሸት እስኪሆን ድረስ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይታይ። በመንገድ ዳር ቆሞ ማየት ማየት አይደለም። ወደ ማሳው መሐል ይገባ፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ይገለበጡ፤ ጤዛ የሚቆይበት ረባዳ ቦታ በተለይ ይጎብኝ። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ እንደ መሥመር ተሰድሮ ይታያል፤ የቅጠል ዋግ ክብ፣ ጥቃቅንና ቡናማ ነው፤ የግንድ ዋግ በግንዱና በቅጠሉ ላይ ረዘም ያለ፣ ቆዳውን ቀዶ የሚወጣ፣ የሸክላ ቀለም ያለው ቁስል ነው። ጥርጣሬ ሲኖር የቀበሌው ስም፣ የዝርያው ስም፣ የሰብሉ ደረጃና ከመቶ ተክል ስንቱ እንደተያዘ ተጽፎ በዚያው ቀን ይላክ። ናሙናው በወረቀት ፖስታ እንጂ በላስቲክ አይታሸግ፤ በላስቲክ ይሻግታልና።

3ኛ. ዝርያን ማስተዋወቅ ብቻ ሳይሆን ማሰናበትም የኤክስቴንሽን ሥራ መሆኑ ይታወቅ። አዲስ ዝርያ ሲገባ ሰርቶ ማሳያ ይዘጋጃል፣ የገበሬ በዓል ይከበራል። ዝርያው በበሽታ መያዙ ሲረጋገጥ ግን ማንም በይፋ «ከእንግዲህ ይብቃ» አይልም። ገበሬውም ከጎተራው ያለውን እየዘራ ይቀጥላል። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለገበሬው በጊዜው ማሳወቅ አዲስ ዘር የማድረስን ያህል ምርት ያድናል።

4ኛ. በመስኖ የሚለማው የበጋ ስንዴ በልዩ ጥንቃቄ ይታይ። ዋግ በሕይወት ካለ ተክል ውጭ አይኖርም። ቀድሞ በረጅሙ የበጋ ወራት መኖሪያ ያጣ ነበር። አሁን በቆላው በበጋ ስንዴ ሲኖር ከመኸር ወደ መኸር የሚሻገርበት ድልድይ ያገኛል። ይህ ማለት የበጋ ስንዴ ይቅር ማለት አይደለም፤ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ነገር ግን የበጋው ማሳ ካልተጠበቀ የመኸሩ ማሳ በሽታውን ገና ከጅምሩ ይወርሳል። ከወደቀ ፍሬ በራሱ የበቀለውንም ስንዴ ከዘር በፊት አርሶ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ለሚነሡ ጥያቄዎች

«የኩታ ገጠም እርሻ አንድ ዝርያ ይፈልጋል፤ ኮምባይነሩም፣ የዱቄት ፋብሪካውም የሚፈልገው አንድ ወጥ ምርት ነው» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የተባለው በአንድ ማሳ ዘር ይደባለቅ አይደለም። አንዱ ኩታ ገጠም አንድ ዝርያ ይያዝ፤ አጠገቡ ያለው ሌላ ዝርያ ይያዝ። ምርቱም ለየብቻው ይከማች። ይህ ለማኅበሩ ተጨማሪ መጋዘንና ተጨማሪ መዝገብ ይጠይቃል፤ ወጪ የለውም አይባልም። ዝርያው በሙሉ በአንድ ክረምት ቢወድቅ ግን አባሉ የማዳበሪያና የዘር ዕዳውን ከምን ይከፍላል? የመጋዘኑ ወጪ ከዚህ ጋር ይመዛዘን።

ሁለተኛው ጥያቄ «ፀረ ፈንገስ ኬሚካል እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ነው። ኬሚካል በጊዜው ሲረጭ ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ሁሉም ገበሬ በአንድ ሳምንት ሲፈልገው ኬሚካሉም መርጫውም አይበቃም። ግንዱ ከተበላ በኋላ የሚረጭ ኬሚካልም ኪስን ከመጉዳት በቀር ለሰብሉ አይፈይድም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ቀድሞ ያየ ጥቂት ይረጫል፤ ዘግይቶ ያየ ብዙ ረጭቶ ጥቂት ያጭዳል።

ሦስተኛው «ሳይንስ ፈጽሞ የማይሸነፍ ዝርያ ያመጣልናል» የሚለው ተስፋ ነው። በእርግጥ በ2021 እ.ኤ.አ. አምስት የመከላከያ ጂኖች በአንድነት የገቡበት ስንዴ በምርምር ተሠርቶ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። አምስት ዘበኞች ባንድ በር ላይ ማቆም ሌባውን እንደሚያስቸግረው የታወቀ ነው። ይህ ግን የምርምር ውጤት እንጂ ማኅበራት ለዘንድሮው መኸር የሚያዙት ዘር አይደለም። ቢመጣም እንኳ አገሩ በሙሉ በእርሱ ብቻ ከተሸፈነ የእንኮይና የዲገሉ ታሪክ የማይደገምበት ምክንያት አይኖርም።

ማጠቃለያ

ዋግን የሚያሸንፍ አንድ ዝርያ፣ አንድ ኬሚካል ወይም አንድ መሣሪያ የለም። የሚያሸንፈው ቶሎ የሚያይ ዐይን፣ ቶሎ የሚደርስ ወሬና በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ ያልተመሠረተ ማሳ ነው። የምርምሩ ድርሻ የዋጉን ማንነት በቀናት ውስጥ ማሳወቅና የሚተኩ ዝርያዎችን ማዘጋጀት ነው። የእናንተ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ ማሳውን መጎብኘትና ያያችሁትን በዕለቱ መናገር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ ደግሞ ለመጪው መኸር የዘር ጥያቄ ቅጽ ሲሞላ በዝርያ ስም ዓምድ ውስጥ ከአንድ በላይ ስም መጻፍ ነው። ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፣ ያ ሁለተኛው ስም ክፉ ዓመት ሲመጣ የአባላቱን ጎተራ የሚጠብቅ እርሱ ሊሆን ይችላል።