መስኮት ዝጋ!

አባይ በረሃ እየወረድን እንኳ አውቶቡስ ውስጥ «መስኮት ዝጋ፣ ብርድ ይመታናል!» የሚል አይጠፋም። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደን፣ ደጋው አልቆ የቆላው ወበቅ ሲቀበለን፣ እኛ መጋረጃ ጋርደን እናንኮራፋለን። ፈረንጁ ግን (ሰላሙን ያውርድልንና) በሞተር ሳይክል ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ያንን ጠመዝማዛ ነፋሱን በደረቱ እየተቀበለ ይወርደዋል። «እብድ!» እንለዋለን። እብዱ ማነው ጎበዝ?

ስለ አባይ የተገጠመውን ሳስተምር ወንዙን ቆሞ ያየ ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር። ሞተር ለኛ የዕቃ ማመላለሻ ነው፣ ሲብስም የቀማኛ መሣሪያ፤ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2019 ስታግደውም ወሬው ሁሉ ስለ ወንጀል ነበር። አገር ማያ መሆኑን ማን አነሳ?

«አደገኛ ነው» ትሉኛላችሁ። ፍሬን የበጠሰ ከባድ መኪና ባለበት ቁልቁለትማ እውነት ነው። ቀስ ብሎ መንዳት፣ ሄልሜት ማጥለቅ፣ ሳይመሽ መግባት ነዋ!